እልባት፦ ከብራናው ክር እስከ ስልካችን

ይህን ጽሑፍ የወለደው አንዲት እናት የሰጡን ወቀሳ ነው።

ባለፈው ዓመት መጽሔታችንን ስናዘጋጅ፣ በዋትሳፕ ቡድናችን የተለዋወጥናቸውን ሊንኮች ሁሉ ለቃቅመን ስለ ሱዳን መንገድ በጻፍነው ታሪክ ውስጥ ከተትናቸው። ሐሳባችን ክፉ አልነበረም። ያገኘነውን ለብቻችን ይዘን እንዳንቀር፣ ቪዲዮውም ፎቶውም የጋዜጣው ጽሑፍም ለሌላው ይድረስ ብለን ነው። በየዓረፍተ ነገሩ መካከል ግን ረጅም የኢንተርኔት አድራሻ ተጋረጠ፤ ያውም በላቲን ፊደል፣ ከቁጥርና ከምልክት ጋር ተቆላልፎ። መጽሔቱ ሲወጣ እኛ ደስ ብሎን ነበር። በሳምንቱ የአንዷ ጓደኛችን እናት ይዘውት መጡና ገጹን ገልጠው፣ «ልጆቼ፣ ደህና እየሄድኩ ነበር፤ እዚህ ስደርስ እሾህ ወጋኝ። ዘልዬ አለፍኩ። ሁለት መስመር ሳልሄድ ደግሞ ሌላ እሾህ። ከዚያ በኋላ ተውኩት» አሉን።

መጀመሪያ ሳቅን፤ ቆይተን ግን አፈርን። ጽሑፉ እኮ የሚናገረው እሳቸው ራሳቸው በእግራቸው ስለሄዱበት መንገድ ነበር። ያንን ሁሉ በረሃ ያቋረጡ ሴት የእኛን አንድ ገጽ ማቋረጥ አቃታቸው።

ታዲያ ከእኛ በፊት የነበሩት ይህን እንዴት ነበር የሚያደርጉት? አንድ ሰው አንብቦ ያገኘውን ሌላው ጋ ማድረስ ሲፈልግ፣ ገጹን ሳያበላሽ መንገዱን የሚያሳየው በምን ነበር? ጥያቄውን ይዘን ስንቆፍር ነገሩ የኢንተርኔት ዘመን ጣጣ አለመሆኑን አየን። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከምናውቃቸው መልሶች አንዱም የተወለደው እዚሁ እስራኤል ውስጥ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። ወላጆቻችን «እልባት»ን የሚያውቁት ከሬዲዮ ነው፤ «ጉዳዩ እስካሁን እልባት አላገኘም» ሲባል። ቃሉ ግን የመጽሐፍ ቃል ነው። አንባቢ ያቆመበትን ወይም የሚፈልገውን ቦታ እንዳያጣው በገጹ ላይ የሚያኖረው ክር ወይም ምልክት እልባት ይባላል። ስልካችሁን በአማርኛ ብታደርጉት ክሮም ያስቀመጣችኋቸውን ገጾች «ዕልባቶች» ብሎ ነው የሚያሳያችሁ። እኛ ወጣቶቹ ሲማኒያ ማለት ለምደን ቀረን እንጂ ቃሉስ ከቤታችን አልጠፋም ነበር።

በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ላይ ይህ ክር እውነተኛ ክር ነው። በብራናው ቅጠል ዳር ላይ በመርፌ ተሰፍቶ ጫፉ ትንሽ ወጣ ይላል፤ ቀዩ አንድ ቦታ፣ ሰማያዊው ሌላ ቦታ። አንባቢው መጽሐፉን ሳይከፍት በጣቱ ዳስሶ የሚፈልገውን ክፍል ያገኘዋል። ልብ በሉ፣ ክሩ የተሰፋው በዳሩ ላይ ነው፤ ጽሕፈቱን አይነካም። ጸሓፊው ገና ቀለም ሳይነክር ብራናውን በጥቃቅን ቀዳዳዎች ለክቶ፣ በደነዘዘ ብረት መስመር አስምሮ፣ በዙሪያው ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል። ይህ ባዶ ቦታ ኅዳግ ይባላል። ያን ሁሉ ፍየል አርዶ፣ ቆዳውን ወጥሮና ፍቆ ያዘጋጀ ሰው የብራናውን ብዙ እጅ ባዶ የሚተወው ተርፎት አይደለም። ዓይን የሚያርፍበት፣ እጅ የሚይዝበት፣ ምልክትም የሚቀመጥበት ስፍራ ስለሚያስፈልግ ነው። ርእሱና የክብር ስሞች በቀይ፣ ሌላው በጥቁር ይጻፋል። መንገድ ማሳያው ይኸው ነው፤ ቀይ ቀለም፣ ክርና ባዶ ዳር።

የቤተ እስራኤል ኦሪትም እንደዚሁ የተጠረዘ የብራና መጽሐፍ ነው እንጂ ጥቅልል አይደለም። ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ጋር ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን አብሮ ይይዛል። ቋንቋው ግዕዝ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ደግሞ ግዕዝ አይሰማም። ታዲያ «ይህ ቃል እዚያ ካለው ጋር ይያያዛል» የሚለው ማስታወሻ የት ነበር የሚጻፈው? አብዛኛው አይጻፍም ነበር። የሚያያይዘው ቄሱ ነው። በስግድ ዕለት ቄሶቻችን በግዕዝ አንብበው በአማርኛና በትግርኛ ሲያስረዱ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አንዱን ቃል ያነሡና ወደ ነህምያ ይወስዱታል፤ ከዚያ ወደ ሲና ይመልሱታል። ገጹ ንጹሕ ሆኖ ቀረ፤ ሊንኩ በሰው ልብ ውስጥ ነበር። የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጉዳቱም ግልጽ ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቂሳርያ እንሂድ። ከኦር ዓቂቫ ጎን ያለችው፣ በበዓል ቀን ባሕር ልናይ የምንሄድባት ቂሳርያ ማለታችን ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዚያች ከተማ ጳጳስ አውሳብዮስ አንድ ችግር ነበረበት። አራቱ ወንጌሎች አንዱን ነገር ደጋግመው ይተርኩታል፤ አንባቢው እንዲያስተያያቸው ይፈልጋል፤ ግን መጻሕፍቱን ቆራርጦ ማደባለቅ አልፈለገም። ያገኘው መላ ይህ ነው። እያንዳንዱን ወንጌል በተራ ቁጥር ከፋፈለው፤ ማቴዎስን 355፣ ማርቆስን 233፣ ሉቃስን 342፣ ዮሐንስን 232 ክፍል። በኅዳጉ ላይ የክፍሉን ቁጥር፣ ከሥሩም በቀይ ቀለም ሌላ ትንሽ ቁጥር አኖረ። ቀዩ ቁጥር በመጽሐፉ መግቢያ ካሉት አሥር ሠንጠረዦች የትኛውን ማየት እንዳለብህ ይነግርሃል። እዚያ ሄደህ ቁጥርህን ስታገኝ፣ ከጎኑ የሌሎቹ ወንጌሎች ቁጥር ተደርድሮልሃል።

ይህ የክርስቲያኖች መጽሐፍ ነው፤ እኛ ያነሣነው ለዘዴው ነው። ንባቡ ውስጥ አንድም ቃል አልተጨመረም። መሄድ የፈለገ ይሄዳል፤ መቀጠል የፈለገ ቁጥሮቹን ሳያያቸው ያልፋል። ይህ የቂሳርያ መላ ኢትዮጵያም ደርሷል። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ዕድሜያቸው ከ1,300 ዓመት በላይ ነው፤ ሠንጠረዦቹ በቀለም ባጌጡ ዓምዶች ውስጥ ተሥለው ከፊታቸው ይገኛሉ። እኛ ከዚያ አገር ወደዚህ መጣን፤ ዘዴው ደግሞ ከዚህ ወደዚያ ሄዶ ኖሯል።

ብዙዎቻችን ግን ይህን ነገር በደንብ ያየነው በሌላ ገጽ ላይ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት የጌማራ ገጽ ይዞ ሲመጣና እናትና አባት ከትከሻው በላይ ሆነው ሲያዩት ምን እንደሚሉ ከየቤታችን እናውቀዋለን፦ «ይህን ሁሉ ማን ያነበዋል?» መሀል ላይ አንድ ጽሕፈት፣ በግራና በቀኝ ሌላ ጽሕፈት፣ ከነዚያ ውጭ ደግሞ እንደ ተልባ ፍሬ የረቀቀ ሌላ ጽሕፈት። ሲያዩት የተጨናነቀ ገበያ ይመስላል። ጠጋ ብለው ካዩት ግን እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱ ቦታ አለው።

ቦታውን ያጸናው የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። ከአንትወርፕ የመጣው ክርስቲያኑ አታሚ ዳንኤል ቦምበርግ ቬኒስ ላይ ከ1520 እስከ 1523 ባሉት ዓመታት የባቢሎንን ታልሙድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አሳተመ። ንባቡ መሀል፣ የራሺ ማብራሪያ ወደ መጽሐፉ መገጣጠሚያ፣ ቶሳፎት ወደ ውጭ። ማብራሪያዎቹ የታተሙበት ፊደልም የተለየ ነው። የራሺ ፊደል የምንለውን ራሺ ራሱ ጽፎበት አያውቅም፤ እሱ በ1105 ነው ያረፈው። አታሚዎች የስፔን አይሁድ የእጅ ጽሕፈትን አይተው የቀረጹት ነው። ጥቅሙ ዓይን ሳይጠየቅ እንዲለይ ነው፤ ይህ ንባቡ፣ ያ ማብራሪያው። የቦምበርግ ሌላው ሥራ ግን ለእኛ ጉዳይ ይበልጣል። የቅጠሎቹን ቁጥር ለሁልጊዜ አጸናው። ዛሬ «ብራኾት ዳፍ ቤት» ብትሉ፣ ቤር ሸቫም ሆነ ኒው ዮርክ የሚከፈተው ያው ገጽ ነው። አምስት መቶ ዓመት ያልተለወጠ አድራሻ ማለት ነው።

አድራሻ ከተገኘ ደግሞ መንገድ ሊሠራ ይችላል። ሠሪው ዮሹዓ ቦዓዝ ይባላል። ቤተሰቡ በ1492 አይሁድ ከስፔን ሲባረሩ ተሰድዶ ጣልያን የገባ ነው። ከ1546 እስከ 1551 ቬኒስ ውስጥ በጁስቲኒያኒ ማተሚያ ቤት በወጣው ታልሙድ ዳር ላይ ያኖራቸው ማሳያዎች እስከ ዛሬ አሉ። «ቶራ ኦር» የተባለው ንባቡ የጠቀሰው ቃል በኦሪት ወይም በነቢያት የት እንዳለ ይናገራል። «ማሶሬት ሀሻስ» የምንለው ያው ነገር በታልሙድ ውስጥ ሌላ የት እንደ ተነሣ ያሳያል። «ዔን ሚሽፓት» ደግሞ ከዚህ ክርክር የወጣው ሕግ በራምባምና በሌሎች የሕግ መጻሕፍት የት እንደሰፈረ ይጠቁማል፤ «ኔር ሚጽቫ» ሕጎቹን በተራ ይቆጥራል። የሕግ ብርሃን፣ የፍርድ ምንጭ፣ የትእዛዝ መብራት፤ ስሞቹ ራሳቸው ያምራሉ። ብርሃኑና መብራቱ ከአንድ ጥቅስ ከምሳሌ 6፥23 የተወሰዱ ናቸው።

እንዴት እንደሚሠራ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንየው። ብራኾት የሚጀምረው የምሽቱ ሽማዕ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸለይ በመጠየቅ ነው። ጌማራው ወዲያው «ለመሆኑ ይህ ከምን ተነሥቶ ነው?» ይልና የኦሪትን ቃል ይጠቅሳል። ዳሩ ላይ ቶራ ኦር «ዘዳግም 6» ይላችኋል። ኦሪትን ከቄስ አፍ ሲሰማ ያደገ አባት ታልሙድ ምን እንደሆነ ባያውቅ እንኳ ይህችን ቁጥር ያውቃታል፤ ልጁ ከያዘው ባዕድ ገጽ ላይ የሚያውቀውን በር አገኘ ማለት ነው። ዔን ሚሽፓት በበኩሉ ወደ ራምባም የሽማዕ ሕግ ምዕራፍ 1፣ ቀጥሎም ወደ ቱር ቁጥር 235 ይመራል። ይህን ሁሉ ለመናገር በንባቡ መካከል የገባው ምንድን ነው? አንዲት ትንሽ ፊደል ብቻ። የቀረው ዳሩ ላይ ነው፣ በአጭሩ፣ በደቃቅ ፊደል። ዓይን ንባቡን ይዞ ሲሄድ ፊደሏን እንደ መንገድ ዳር ጠጠር ያልፋታል፤ የሚፈልጋት ቀን ብቻ ጎንበስ ብሎ ያነሣታል።

ሌላም ነገር አለ። ሹልሐን ዓሩኽ የታተመው በ1565 ነው፤ ከዮሹዓ ቦዓዝ ሥራ በኋላ። ይሁን እንጂ ዛሬ በዔን ሚሽፓት ውስጥ እሱም ተጠቅሷል። በቀላሉ ሊጨመር የቻለው ሹልሐን ዓሩኽ የቱርን ቁጥሮች እንዳሉ ስለተከተለ ነው፤ 235 እዚያም 235 ነው። ሰዎች አድራሻ ሲጠብቁ ለኋለኛው ሰው ሥራውን ያቀሉለታል።

ሁሉም እንዲህ አስተዋይ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የነበሩ አንዳንድ ጸሐፍት ማሶራ የሚባለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ዳር ማስታወሻ በደቃቅ ፊደል እየጻፉ የወፍ፣ የአውሬና የአበባ ሥዕል ያደርጉት ነበር። ፊደሉ እየተጠማዘዘ የዘንዶ ጅራት ይሆናል። ለማየት ድንቅ ነው፤ ልናነብ ስንሞክር ግን ዓይናችን ይጠፋል። ያን ጊዜም ይህ ያናደደው ሰው ነበር። ሴፈር ሐሲዲም የተባለው መጽሐፍ ጸሓፊ የሚቀጥር ሰው ማሶራውን ሥዕል እንዳያደርግበት አስቀድሞ ይዋዋለው ይላል፤ እንዲህ ከሆነ ማን ሊያነበው ይችላል ብሎ። የእኛ እናት «እሾህ» ያሉት ነገር ድሮም ከሳሽ ነበረው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እኛም ባለፈው ዓመት ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ምን ያህል እንዳነበብን ለማሳየት ጭምር ነበር ሊንክ የደረደርነው።

የቬኒሱ ታልሙድ ታትሞ ካለቀ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እሳት መጣ። ጁስቲኒያኒና ብራጋዲን የተባሉ ሁለት የቬኒስ አታሚዎች በ1550 የራምባምን መጽሐፍ በማተም ተጣልተው ነበር፤ ክሱ ሮም ደረሰ፤ ሮም ላይ ነገሩ ከሁለቱ ነጋዴዎች አልፎ ወደ ራሱ ወደ ታልሙድ ዞረ። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1553፣ በሮሽ ሀሻና ዕለት፣ ሮም ውስጥ ካምፖ ዴ ፊዮሪ በተባለው አደባባይ ታልሙድ ተሰብስቦ ተቃጠለ። በጥቅምት ወር ቬኒስም ራሷ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ አቃጠለችው። ያን ሁሉ ዓመት ገጽ ለገጽ እየለቀመ ያያያዘው ሰው ሥራው የታተመበት ከተማ እሳት ሲነድ በሕይወት ነበር፤ ዮሹዓ ቦዓዝ የሞተው በ1557 ነው።

ማሳያዎቹ ግን አልጠፉም። እሳት ያልደረሰባቸው ቅጂዎች ቀሩ፤ ሌሎች አታሚዎች ገለበጧቸው፤ ሌሎች ሊቃውንት ጨመሩባቸው። ከ1880 እስከ 1886 በቪልና የሮም ቤተሰብ ያሳተመው ታልሙድ፣ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ያለው፣ ይዟቸው ነው የወጣው። የተረፉበት ምክንያት አንዱ ይመስለናል፤ አንድ መደርደሪያ ላይ ወዳለ አንድ መጽሐፍ አይደለም የሚጠቁሙት። የመጽሐፉን ስም፣ ምዕራፉንና ቅጠሉን ነው የሚናገሩት። የትኛውም ቅጂ ቢቃጠል በሌላው ቅጂ ይከፈታሉ።

ከዚህ በኋላ ስለ ስልካችን ማውራት ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን እናውራ። በ2003 ጆሹዋ ሻክተር የሚባል አሜሪካዊ ዴሊሸስ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። (ስሙ እንደ ቬኒሱ ሰው ዮሹዓ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ እኛን ግን አስደስቶናል።) እስከዚያ ድረስ አብዛኛው ሰው የወደደውን ገጽ እልባት የሚያደርገው በራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር። ዴሊሸስ እልባቱን ወደ አደባባይ አወጣው። ገጹን ታስቀምጣለህ፣ ሁለት ሦስት መለያ ቃል ትሰጠዋለህ፣ ሌላውም ሰው ያየዋል። ነገሩ ተወደደ። ሰዎች እልባቶቻቸውን በግል ገጻቸው ላይ በራሱ እንዲወጣ ማድረግ ጀመሩ፤ ያን ጊዜ የቆየው ጥያቄ እንደ አዲስ ተነሣ። አንዳንዱ የዕለቱን ሊንኮች በሙሉ ከራሱ ጽሑፎች ጋር ቀላቀላቸው። ውሎ ሲያድር የሰውየው ጽሑፍ በዝርዝር ጎርፍ ተዋጠ፤ ሊያነበው የመጣ ሰው የሚያገኘው የሌሎችን ስም ብቻ ሆነ። አስተዋዮቹ ግን ሊንኩን በጎን በጠባብ ዓምድ አኖሩት፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር ማብራሪያ ጽፈው። ሳያውቁት የጌማራን ገጽ ሠሩ።

በ2010 ኒኮላስ ካር የተባለ አሜሪካዊ ጸሓፊ «ዘ ሻሎውስ» በተባለ መጽሐፉ፣ በንባብ መካከል ያለ ሊንክ ባትነካው እንኳ «ልሂድ ወይስ ልለፍ?» ብለህ እንድትወስን ያደርግሃል፣ ያ ትንሽ ውሳኔ ሐሳብህን ይሰብረዋል ብሎ ተከራከረ። እኛ በከፊል ነው የምንስማማው። አንዲት ትንሽ ፊደል ሐሳብ አትሰብርም፤ አምስት መቶ ዓመት አይተናታል። የሚሰብረው ምን እንደሆነ ሳይናገር «እዚህ ንካ» ብሎ የሚጮኸው ነው።

ዴሊሸስ ግን ምን ሆነ? በ2005 ያሁ ገዛው። በ2010 መጨረሻ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ወጣና ሰው ደነገጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ዩቲዩብን ለመሠረቱት ሰዎች ተሸጠ። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ2017 ፒንቦርድ የተባለው ተፎካካሪው ገዛና አዲስ ነገር ማስቀመጥ እንዳይቻል አደረገው። አሥራ አራት ዓመት መሆኑ ነው። የቬኒሱን እሳት ያመለጠው ማሳያ የአድራሻው ቁጥር ጸንቶ ስለቆየ ዳነ፤ የኛ ዘመን አድራሻ ግን የባለቤት ነው። ባለቤቱ ከሸጠው፣ ካሰለቸው ወይም ሂሳብ ካልከፈለ መንገዱ ገደል ይሆናል።

እኛም ገደሉን አይተነዋል። የዘንድሮውን መጽሔት ስንጀምር ያለፈው ዓመት ሊንኮች ይከፈቱ እንደሆነ አንድ በአንድ ሞከርናቸው፤ ብዙዎቹ አልተከፈቱም። ከሁሉ የከፋው አንድ ቪዲዮ ነው። አንድ አዛውንት ከጎንደር ገጠር ተነሥተው ሱዳን እስኪደርሱ ያለውን የሚተርኩበት ነበር፤ ማን መንገድ እንደመራቸው፣ ሌሊቱን የት እንዳደሩ፣ ውሃ የትኛው ጉድጓድ እንዳገኙ፣ የቀበሯቸውን ልጆች ስም እየጠሩ። እኛ ሊንኩን ብቻ ነበር ያኖርነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልገለበጥንም። «እዚያ አለ አይደል» ብለን ነው። ገጹ ጠፍቷል፤ ማን እንዳወረደው አናውቅም። አዛውንቱም በክረምቱ ዐርፈዋል።

ቀደም ብለን እንመለስበታለን ያልነው ጉዳት ይህ ነው። ቄሱ ልብ ውስጥ ያለ ማያያዣ ገጹን ንጹሕ ያደርገዋል፤ ቄሱ ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ወጣቶቻችን «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» ሲሉ ወላጆቻችን «ሁሉንም አባቶች ያውቁታል» ይሉ የነበረውን ነው የሚደግሙት። ሁለቱም እውነት የሚሆኑት እስከ አንድ ቀን ድረስ ነው።

ልጃቸውን ሄደን ጠየቅናት። ቪዲዮውን እሷም አላስቀረችውም። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለችና ቡና አፍልታ ሦስት ማታ አጫወተችን፤ ያልታወሳትን አክስቷን በስልክ እየጠየቀች። ያንን ጽፈነዋል፤ በዚህ እትም ከእኛ ጽሑፍ ቀጥሎ ታገኙታላችሁ። ከግርጌው «ከአባቷ የሰማችው፣ ከአክስቷ የተጠየቀ» ተብሎ የመንደሩ ስም ተጽፏል። ሽማግሌዎቻችን «እኔ ከአባቴ፣ አባቴ ከአባቱ» እያሉ ነው ነገር የሚጀምሩት፤ ጌማራውም «ረቢ እገሌ በእገሌ ስም አለ» ማለት ይወዳል። አድራሻው ሰው ሲሆን እንዲህ ነው የሚጻፈው።

ሊንኮቹንም ከንባቡ አውጥተናቸዋል። አንድ ትንሽ ቁጥር ብቻ ትቀራለች፤ የቀረው በገጹ ግርጌ ነው። እዚያ ምን እንዳለ በአንድ መስመር እንናገራለን፣ ቋንቋው አማርኛ፣ ዕብራይስጥ ወይም እንግሊዝኛ መሆኑንም ጨምረን። ወላጆቻችንን ወደማይገባቸው ቋንቋ መላክ በተቆለፈ በር ላይ ማቆም ነውና፣ ዋናውን ነገር በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ከትበናል። ሊጠፋ የሚችለውንም ባለቤቱን አስፈቅደን ቅጂውን በማኅበሩ ቢሮ አስቀምጠናል። ቦታ ይፈጃል፤ አንድ ግጥምና ሁለት ፎቶ ለዚህ ሲባል ቀርተዋል። የግጥሟ ባለቤት አሁንም አኩርፋናለች።

መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ረቂቁን ለእኒያ እናት ሰጠናቸው። አራት ቀን አቆይተው መለሱት። እሾሁ ይኑር አይኑር አልነገሩንም። የሱዳኑ ታሪክ ካለበት ገጽ ዳር ላይ ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ጽፈዋል፦ «ጉድጓዱ ይህ አይደለም። እህቴ ትጠየቅ፤ ክርያት ጋት ናት።»